የረቡዕ ንፍሮ

ሐኪም ተራመጂ ብሎኛል። ስኳሩ ከፍ፣ ግፊቱ ከፍ፣ ጉልበቱ ዝቅ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላውን ሰው ተራመዱ ስል ኖሬ በተራዬ ስታዘዝ ጊዜ ትንሽ ከነከነኝ፤ ቢሆንም ወጣሁ። ከዊንጌት በላይ ወደ እጽዋት ማዕከሉ ዘልቄ፣ በየዛፉ የተለጠፈውን ስም እያነበብኩ፣ በየአግዳሚው ወንበር እያረፍኩ ስሄድ አንዲት ቁጥቋጦ ፊት ቆምኩ። ጌሾ ናት። እኛ በየጓሯችን ስንሸመጥጣት የኖርን ጌሾ፣ እዚህ እንደ ትልቅ ሰው ስሟ በላቲን ተጽፎላት፣ ዙሪያዋ በድንጋይ ተከቦ ቆማለች። ሳቄ መጣ። ዞር ዞር ብዬ አየሁና አንድ ቅጠል በጠስኩ፤ በጣቶቼ አሸት አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ ጥበቃው ከኋላዬ፣ «እማማ፣ መቁረጥ ክልክል ነው» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ቅጠሉን ግን አልጣልኩም፤ በእጄ እንደጨበጥኩ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩና፣ አፍንጫዬ እየመራ የዛሬ ስንትና ስንት ዓመት ወደነበረው ሰፈሬ ወሰደኝ።

ያኔ ዊንጌት ማለት ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ ወዲህ ጥቂት ሱቅ፣ ከሱቁ ወዲያ ጭቃ ነበር። ዳቦ አሥር ሳንቲም ነው፤ ያውም አንዱ ለሁለት ሰው ቁርስ የሚበቃ። አረቄ በመለኪያ ስሙኒ። ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ሰልፍ ነበር፤ ሰልፍ ላይ ስንት ሰው ተዋውቆ ተጋብቷል። ፀጉር ቤቱ ደጃፍ ላይ አንድ ቴፕ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ካሴት የሚያዞር። ክሩ ላልቶ ዘፋኙ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ይጎተት ነበር። እኛ የለመድነው በዚያ ፍጥነት ስለሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ዘፈን በሬዲዮ በትክክሉ ስሰማው ሰውየው የሚያባርሩት ነው የመሰለኝ። እኔ ያኔ ፀጉሬን አፍሮ አበጥሬ፣ ነጭ ጋዎኔን በስታርች አድርቄ፣ ተረከዙ ወፍራም ጫማዬን በድንጋዩ መንገድ ላይ እያስጮህኩ ወደ ቀበሌው ክሊኒክ የምወርድ፣ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ የሚያየኝ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ በዚያው መንገድ ስወርድ ዞር የሚለው ባለ ባጃጁ ብቻ ነው፣ እሱም ልሳፈር መስሎት።

በደመወዝ መዝገቡ ላይ ጤና ረዳት ነበርኩ። ሰፈሩ ግን «ሲስተር» ብሎ ሾመኝ፤ እኔም ሹመቱን አልመለስኩም። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ በየቤቱ እየዞርኩ ስለ ሽንት ቤትና ስለ ክትባት እጨቀጭቃለሁ። ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው ቅያስ ደግሞ አራት ሴቶች ጎን ለጎን አረቄ እያወጡ ይሸጡ ነበር። ከማለዳ ጀምሮ የድፍድፉ ሽታ በመስኮት ገብቶ ከአልኮሌና ከጥጤ ጋር ይቀላቀላል። አራቱም ጠጪዎች ነበሩ። ሰው ይህን ሲሰማ «ባለጌዎች ስለሆኑ» ይላል። እኔም ያኔ እንደዚያው ነበር የምለው፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነገሩ ከሥራው ነበር የሚመጣው። አረቄ ሻጭ ለእንግዳ ስትቀዳ አስቀድማ ራሷ ትቀምሳለች። መርዝ የለበትም፣ ይኸው እኔም ጠጥቼዋለሁ ማለት ነው። ሳትቀምስ ብትሰጥ እንግዳው ይቀየማል፤ ተነስቶም ይሄዳል። ታዲያ ሃያ እንግዳ ቢመጣ ሃያ ጊዜ ነው። አንዳንዱ ደግሞ «አይ፣ ይቺ ምን አላት፣ ሞልተሽ ቅመሺ እንጂ» ይላል፣ ለጨዋታ። አረቄው ሲወጣም ድፍድፉ ደረሰ አልደረሰ፣ የመጀመሪያው ጠብታ ጠንክሮ እንደሆነ፣ መቅመስ ነው። እንዲህ እያለ ዓመት ሲሄድ ሴትየዋ ሳትቀምስ መነሳት ያቅታታል። ከአራቱ በዕድሜም በመጠጥም ትልቋ ወርቂቱ ነበረች። ከእንጦጦ ጀርባ ካለው ገጠር በልጅነቷ የመጣች፣ ስትቆጥርና ስትሳደብ በኦሮምኛ፣ ስትስቅና ስትጸልይ በአማርኛ የምትል ረጅም ሴት። መጀመሪያ አንቱ እላት ነበር። «ተይ፣ አታስረጅኝ» ብላ ከለከለችኝ።

አንድ ቀን ጧት ወርቂቱ እጇ ተቃጥሎ መጣች። ከማሰሮው የሚወጣው እንፋሎት ነው የላጣት። ሳጥብላት ግን ያስተዋልኩት ቃጠሎውን ሳይሆን እጇን ነው፤ አልይዝ አለኝ፣ ይንቀጠቀጣል። «ብርዱ ነው?» አልኳት። እንባዋ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ለካስ ልጇ ለምለም፣ ያቺ አንድ ልጇ፣ ካገባች ዓመት ሆኗት ፀንሳለች። ወርቂቱም የአራስ ቅቤ መግዛት ጀምራ ነበር። ልጅቷ ግን ባለፈው እሁድ መጥታ፣ «እማዬ፣ አንቺ አታርሺኝም። በዚህ እጅሽ ልጄን አላስይዝም። አማቴ ከገጠር ትመጣለች» ብላት ሄደች።

ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ልጅን ማረስ የእናት ወግ ነው። ገንፎውን ማገንፋት፣ ወገቧን ማሸት፣ ሕፃኑን ማጠብ፣ ከአልጋዋ ሥር መተኛት የእናት ነው። እናት የሞተባት ናት በአማት የምትታረስ። ወርቂቱ በቁሟ ሞተች ተባለች ማለት ነው። «ሲስተር» አለችኝ፣ «አምስት ወር ነው የቀራት። ይሄን ነገር አስተዪኝ።»

አንጀቴን በላችው። ደግሞም ልናገር፣ ደስም አለኝ። ስንቱን ስመክር የሚሰማኝ አጥቼ፣ ይኸው በገዛ እግሯ የመጣች። በዚያው ሳምንት ይዣት የነፍስ አባቷ አባ ተክሌ ዘንድ ሄድኩ። አባ ዓይናቸው የደከመ፣ ቀልድ የሚወዱ ቄስ ነበሩ። «አባ፣ ይገዝቱልኝ። ሁለተኛ እንዳትቀምስ በቃልዎ ይሰሯት» አልኳቸው። የእኔ ሐሳብ ነው። ምክሩን ከክሊኒክ፣ ግዝቱን ከቤተ ክርስቲያን፣ ማን ይችለናል ብዬ። አባም መስቀላቸውን አንስተው ገዘቱ። ወርቂቱ እሁድ ጠዋት አቆመች፤ ቤቷንም ዘጋች።

ማክሰኞ ጎረቤቷ ድንቄ ነጠላዋን ሳትለብስ እየሮጠች ክሊኒክ መጣች። ድንቄ ከአራቱ ሴቶች አንዷ ናት። «ሲስተር ድረሺ፣ ወርቂቱ ጉንዳን ወረረኝ እያለች ግድግዳ ትቧጥጣለች።» ስደርስ ላብ አጥምቋታል፣ ዓይኗ ፈጧል፣ አላወቀችኝም። እጇን ልይዝ ስል ወድቃ ተንፈራገጠች። እኔ እግዚኦ ከማለት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። በሰማያዊና ነጭ ታክሲ፣ እግሯ በመስኮት እየወጣ፣ ሆስፒታል አደረስናት።

ሆስፒታሉ ውስጥ አንድ ሸምገል ያሉ ሐኪም ነበሩ። አይተዋት፣ መርፌ አዘው፣ ከተረጋጋች በኋላ ወደ እኛ ዞሩና «ይቺን ሴት ድንገት ማን አስተዋት?» አሉ። ጋዎኔን እንደለበስኩ ነው። ድንቄ በአገጯ አሳየችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ስንት ዓመት ጠጣች?»

«አሥራ አምስት ይሆናል።»

«አሥራ አምስት ዓመት የለመደ ሰውነት ባንድ ቀን ሲነጥቁት ያብዳል፤ ሊገድላትም ይችል ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ሐኪም እያየው ቀስ አድርገሽ በደረጃ ታወርጂዋለሽ እንጂ ከፎቅ አትወረውሪውም።» አልጮሁም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ቀን ሲስተር መባሌ አስጠላኝ።

ጥቂት ቀን አስተኝተው መለሷት። ጉዱ ግን ገና ነበር። ቤቷን ስትከፍት እንግዳው መጣ፣ እንግዳው ሲመጣ መቅመስ መጣ፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ወደነበረችበት ተመለሰች። ይባስ ብሎ አሁን ግዝት አፍርሳለች። «ከእንግዲህ እኔ የተወገዝኩ ነኝ፤ ብተወውስ ለማን ብዬ?» ትለኛለች። ለምለምንም ማንሳት ተወች። በፊት በሥራዋ ነበር የምትጠጣ፤ አሁን በተስፋ መቁረጥ ሆነ። ያንን ደግሞ ያመጣሁባት እኔ ነኝ።

በእጇ እየጎተትኩ እንደገና አባ ተክሌ ዘንድ ወሰድኳት።

«አባ፣ ግዝቱን ይፍቱልን» አልኳቸው።

«ምነው?»

«ትንሽ ትንሽ እንድትጠጣ።»

አባ ጆሯቸውን ወደኔ አስጠጉ። «እኔን ቄሱን፣ አረቄ ትጠጣ ብለው ይፍቀዱ ነው የምትይኝ?»

«እየቀነሰች አባ። ሐኪሙ ናቸው ያሉት።» ሆስፒታል ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ወርቂቱ መሬት መሬት ታያለች።

«እንድትድን ብዬ ያሰርኩት ከገደላት ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ አባ። «ወደኔ ነይ ልጄ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። አልተወገዝሽም፤ ታመሽ ነው።» በመስቀላቸው ግንባሯን ነኩት። እናንተ፣ ያቺ ሴት ያለቀሰችው ለቅሶ። አባ ወደኔ ዞሩና፣ «ለአንቺ ደግሞ አርባ ስግደት። ሳታውቂ ስላወቅሽ» አሉኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ የዚያን ጊዜ ጉልበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ባቄላው የመጣው። በቀን ስንት ጊዜ ትቀምሻለሽ ብዬ ስጠይቃት «አምስትም ይሆን ስድስት» ትለኛለች፤ ዋሽታ ሳይሆን አታውቀውም። ባቄላ ሰጠኋት። በቀመስሽ ቁጥር፣ በጠጣሽ ቁጥር፣ አንድ ፍሬ በቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ጣይ አልኳት። በማግስቱ ማታ ፊቴ ቁጭ ብላ ቆጠረች፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ እያለች ሃያ ሁለት ደረሰች። በየሳምንቱ ከቀኑ ላይ ሁለት ፍሬ እንድትቀንስ ተስማማን፤ ላብ ላብ ካላት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ቆም ብለን ወደ ሐኪሙ። ሦስቱ ሴቶችም ይህን አይተው ቆርቆሮ አምጥተው ገቡ። ድንቄ ለወርቂቱ አዝና ነው የገባሁት ትል ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ክሊኒኩ ሰው ሲያንሰው አራቱም ቆርቆሯቸውን ይዘው ጓሮ ይመጣሉ፣ እንቆጥራለን። ከቆጠርን በኋላ ባቄላው ይጣል እንዴ? ጾም ነው፣ እንቀቅለዋለን። መርፌ በምቀቅልበት የላምባ ምድጃ ላይ፤ ድስቱ ሌላ ነው፣ እንዳትፈሩ። የመጀመሪያው ረቡዕ ንፍሮ ከእኛ አልፎ ለክሊኒኩ በሽተኛ ሁሉ ተረፈ። ሠራተኞቹ ሁሉ እየዘገኑ «ምን ተገኝቶ ነው?» ሲሉ እኛ እርስ በርስ ተያይተን መሳቅ ነው። የጠጡትን አረቄ ነው የበላችሁት እንዴት ይባላል።

ለቅምሻው መላ ያመጣችው ራሷ ወርቂቱ ናት። እኔ ከንፈርሽን ብቻ አስነኪ ብያት ነበር። ጋሽ በየነ የሚባሉ ጡረታ የወጡ ዘበኛ፣ ሁልጊዜ የመጀመሪያው እንግዳ፣ ይህን አዩና መለኪያውን አስቀምጠው «ያልቀመስሽውን እኔ ምን በወጣኝ» ብለው ድንቄ ቤት ሄዱ። በሚቀጥለው ረቡዕ ወርቂቱ ሴቶቹን እንዲህ አለቻቸው፦ «ከነገ ጀምሮ አራታችንም ጧት አንዴ፣ ከጀሪካኑ፣ በመጀመሪያው እንግዳ ፊት እንቅመስ። ከዚያ በኋላ ለማንም አንቀምስ። አራታችንም እምቢ ካልን የት ይሄዳሉ?» የት ይሄዳሉ። ጋሽ በየነ ሦስት ቀን አኩርፈው በአራተኛው ተመለሱ። ይባስ ብለው ምስክር ሆኑ፤ አዲስ እንግዳ «ቅመሺ እንጂ» ሲል ከጥግ ሆነው «ቀምሳለች። እኔ አይቻለሁ» ይሉ ነበር፣ ፍርድ ቤት የቆሙ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው።

ሁሉም ነገር ቀና ሄደ አልልም። ድንቄ ለሁለት ሳምንት ጥቂት ባቄላ ይዛ እየመጣች ስናደንቃት፣ ለካስ ግማሹን በየመንገዱ ለዶሮ ትበትናለች። አፏ እየሸተተ «አሥር ነኝ» ስትል፣ «ዶሮዎቹስ ስንት ናቸው?» አልኳት። ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት እውነቱን አወጣች። ድንቄ ኋላም ተመልሳ ገባችበት፣ ሁለት ሦስቴ ወጥታ ሦስት አራቴ ገባች። ወርቂቱም ቢሆን ነፍሷን ይማርና እስክታርፍ ድረስ የፋሲካ ዕለት አንድ መለኪያዋን አልተወችም። እኔም ከዚያ ወዲህ ሰው ፍጹም ይሁን ብዬ መጨነቅ ተውኩ። ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ፣ ባንክ የምትሠራ ጎበዝ ልጅ፣ ሳሎኔ ገብታ በሩን ዘጋችና ከሥራ መልስ ጂን በውሃ ጠርሙስ እንደምትጠጣ፣ ጧት ጧት እጇ እንደሚንቀጠቀጥ ነገረችኝ። «ከነገ ጀምሮ እተዋለሁ እማማ» ስትለኝ የእኚያ ሸምገል ያሉ ሐኪም ድምፅ መጣብኝ። «ነገ አትተይም። ነገ አብረን ሐኪም ዘንድ ነው የምንሄድ» አልኳት። ሄድን። ባቄላም ሰጥቻታለሁ፤ በስልክ ብቆጥረው አይሻልም እማማ ትለኛለች። ስልክ አይቀቀልም አልኳት።

ወደ ወርቂቱ ልመለስ። አሥር ረቡዕ ሲያልፍ ንፍሮው አንድ ሳህን አይሞላም ነበር። ተሻምተን ነበር የምንበላው። ወርቂቱ በቀን ከሃያ ሁለት ወደ ሦስት ወረደች፤ ፊቷ ጠራ፣ እግሯ ላይ የነበረው እብጠት ጎደለ። ለምለም ግን ዝም ናት። እኔ በመንገድ ሳገኛት «እናትሽ እኮ» ብዬ ስጀምር «በስንት ጊዜዋ ሲስተር? ስንቴ ሰማሁት» ብላ ታልፋለች። አልፈርድባትም፤ ያቺ ልጅ በልጅነቷ ስንት ነገር አይታለች። ወርቂቱ ያን ስትሰማ «እውነቷን ነው» አለችኝ። በዚያ ረቡዕ ቆርቆሮዋ ውስጥ ከቃሏ በላይ አራት ፍሬ ነበር፤ አልደበቀችኝም።

ለምለም ሴት ልጅ ወለደች። አማቲቱ ወይዘሮ አስካለ ከገጠር ቅቤያቸውንና ገንቧቸውን ይዘው ቀድመው ገብተዋል። በአምስተኛው ቀን እኔና ወርቂቱ ለመጠየቅ ሄድን። እንደ እንግዳ። ወርቂቱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከሁሉም ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ለምለም አልጋዋ ላይ መጋረጃው ግማሽ ተገልጦላት ተጋድማለች፤ ልጅቷ ከጎኗ አለች። ወይዘሮ አስካለ ጠርሙስና መለኪያ ይዘው መጡና፣ ክፋት ሳይኖራቸው፣ ወርቂቱ ፊት ቆሙ። «አንቺ የምታውቂበት ነሽ፣ ቅመሺና ለእንግዶቹ ቅጅልኝ» አሏት።

ሁሉም የወርቂቱን ነገር ያውቃል። ለምለም ከመጋረጃው ውስጥ ሆና እያየች ነው። ወርቂቱ መለኪያውን አየችው፤ ዓይኗ እንደፈለገው አይቻለሁ፣ አልዋሽም። ከዚያ ተነስታ ቆመች፣ ለአማቲቱም አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«እመቤት፣ እኔ ጠጪ ነበርኩ» አለች፣ ቤት ሙሉ ሰው እየሰማ። «እየተውኩ ነው፤ ገና አልጨረስኩም። ለሌላ ሰው ይስጡልኝ።»

ወይዘሮ አስካለ መለኪያውን እንደያዙ ቀሩ። ወርቂቱ ልትቀመጥ ስትል ከመጋረጃው ውስጥ የለምለም ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ ውሃው ሞቋል። ነይ እጠቢልኝ።»

ወርቂቱ መጀመሪያ አልገባትም፤ ወደኔ ዞራ አየችኝ። ሂጂ አልኳት። እጇን እስከ ክርኗ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ልጅቷን ስትቀበል ጣቶቿ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ተንቀጠቀጡ፤ እኔ ነኝ ያየሁት፣ ለምለምም ሳታይ አልቀረችም። ልጄን ስጪኝ ግን አላለችም። ወርቂቱ ያቺን ራቁቷን ልጅ በግራ ክንዷ ላይ አስተኝታ ውሃውን በእፍኟ እያፈሰሰች በኦሮምኛ ታወራት ጀመር። ወይዘሮ አስካለ ቆመው አይተው አይተው፣ በዚያው ሳምንት ገንቧቸውን አዝለው ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ተቀይመው አይደለም፣ «እናቷ እያለች እኔ ምን እሠራለሁ» ብለው ነው።

ለሰማንያው ቀን ክርስትና ሕፃኗን ተሸክማ ዳገቱን የወጣችው ወርቂቱ ናት። ሌሊት ዘንቦ ነበር፣ መንገዱ ያንሸራትታል፤ ለምለምና ባሏ ከኋላ ይመጣሉ። እኔ ከጎኗ ነኝ። ልያዝልሽ አልኳት አንዴ፣ ጥቂት ሄደን ደግሞ ሁለተኛ ጠየቅኳት። ነጠላውን ከልጅቷ ፊት ላይ ትንሽ ገለጥ አድርጋ እያየቻት፣ «ተዪ ሲስተር፣ እጄ አልደከመም» አለችኝ።